በኮባ ቅጠል የተከደነው ጉድጓድ

ቡታጅራ ለማስተማር ተመድቤ እንደ ሄድኩ መጀመሪያ ያስፈራኝ ነገር ማንቆርቆሪያ ነው። ወልቂጤ፣ አባቴ ቤት፣ የሻይ ማንቆርቆሪያችን ውጪው ጥላሸት ይልበስ እንጂ ውስጡ እንደ ተገዛበት ቀን ነበር። ቡታጅራ የተከራየሁበት ቤት ማንቆርቆሪያ ግን ውስጡ ነጭ ድንጋይ ለብሷል። በጥፍሬ ብፍቀው አይለቅም። ውሃ በፈላ ቁጥር ከዚያ ቅርፊት እየተሰበረ ብርጭቆዬ ሥር ይቀመጣል። ኬሚስትሪ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ነገሩ ከኖራ ዘር እንደሆነና ሰው እንደማይገድል አውቃለሁ። ቢሆንም ኩላሊቴን እያሰብኩ የመጨረሻዋን ጉንጭ ሁልጊዜ እደፋት ነበር።

የቤቱ እመቤት፣ እትዬ የምላቸው፣ ይህን እያዩ ይስቁብኛል።

«ቲቸር፣ ይሄ እኮ የውሃችን አጥንት ነው። ብትውጠው ትጠነክር ነበር። እንዲህ ያቀጠነህ የወልቂጤ ውሃ ነው።»

እትዬ ቆጮ አዘጋጅተው ለገበያ የሚያቀርቡ ሴት ናቸው። ከግቢው ጀርባ የእንሰት ተክላቸው አለ፤ ከተክሉ አጠገብ የተፋቀው እንሰት የሚቀበርባቸው ጉድጓዶች አሉ። ቅጠል እንዴት እንደሚነጠፍ፣ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ከላዩ ስንት ድንጋይ እንደሚጫን እሳቸው ያውቁበታል። አየር የገባበት ቆጮ ይበላሻል፤ በደንብ የተከደነ ይበስላል። ይህን ነገር ከእሳቸው አፍ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

ባለቤታቸው ጋሼ የሰፈሩ የውሃ ጉድጓድ ኦፕሬተር ነበሩ። ጠዋት ጄኔሬተሩን ያስነሳሉ፤ ፓምፑ ውሃውን ወደ ታንከሩ ያወጣል፤ ከታንከሩ ወደ ቦኖዎቹ ይወርዳል። ጋሼ ብዙ የሚናገሩ ሰው አይደሉም። እራት ስንበላ እትዬና እኔ ስናወራ እሳቸው ራሳቸውን በመነቅነቅ ይስማማሉ ወይም አይስማሙም፤ ከዚያ ያለፈ ቃል ማውጣት ለሳቸው እንደ ትርፍ ወጪ ነው።

ሁሉ ነገር የሆነው እዚያ ስለሆነ ቦታውን በደንብ ላስረዳ። ጉድጓዱ በማሽን የተቆፈረ፣ ጠባብና በጣም ጥልቅ ነው፤ አፉ ከድስት አፍ አይበልጥምና ሰው ሊገባበት አይችልም። ይህ አፍ የሚገኘው ግን መሬት ላይ ሳይሆን፣ ከመሬት በታች በኮንክሪት በተሠራች ትንሽ ክፍል ወለል ላይ ነው። የክፍሏ ጥልቀት ከሁለት ሰው ቁመት ትንሽ ያንሳል። ጣሪያ የላትም፤ በብረት መሰላል ይወረዳል፤ ውሃው የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ቫልቭ እዚያ ታች ነው። ጋሼ ይህችን ክፍል «ጓዳዬ» ይሏታል። ፀሐይ ሲበረታ ወርደው ጥላ ውስጥ ይቀመጣሉ። እንደ ቤታቸው ጓዳ ያምኗት ነበር።

ያኔ ትምህርት በፕላዝማ የሚሰጥበት ዘመን ነው። ቴሌቪዥኑ ያስተምራል፤ እኔ ከጎኑ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ሲያበቃ በምትቀረኝ ጥቂት ደቂቃ የተማሪዎቹን ግራ መጋባት ለማቃናት እሯሯጣለሁ። ማስረዳት ለሚወድ ጀማሪ መምህር ይህ ቅጣት ነበር። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኛል። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሳለ ከእትዬ ማንቆርቆሪያ በቢላ የፋቅኩትን ቅርፊት ትልቅ ብርጭቆ ውስጥ አድርጌ አቼቶ አፈሰስኩበት። አረፋ ደፈቀ። ከዚያ ክብሪት ጭሬ ወደ ብርጭቆው ውስጥ አወረድኩ። እሳቱ ከአፉ ትንሽ ዝቅ እንዳለ ድርግም አለ። ደግሜ ጫርኩ፤ አሁንም ጠፋ።

«ምን ነፋው?» አለች ከፊት የተቀመጠች ተማሪ።

ማንም እንዳልነፋው አስረዳኋቸው። ድንጋዩ አሲድ ሲነካው በውስጡ ታስሮ የነበረ ጋዝ ይለቃል። ጋዙ አይታይም፤ ሽታም የለውም። ከአየር ስለሚከብድ ብርጭቆው ውስጥ እንደ ውሃ ይተኛል፤ እንደ ውሃም ወደ ሌላ ብርጭቆ ይገለበጣል። እሳት አያነድም፤ ሰውም አይተነፍሰውም። ክፍሉ አጨበጨበልኝ። ያን ቀን እየተኩራራሁ ወደ ቤት ሄድኩ።

በዚያው ዓመት በጋው ሲበረታ ጉድጓዱ ደከመ። ቀድሞ በግማሽ ቀን የሚሞላው ታንከር ቀኑን ሙሉ ተስቦለት እንኳ ጎደሎ ሆነ። የቦኖው ሰልፍ እየረዘመ ሄዶ አስፋልቱ ጋ ደረሰ። ሴቶች ቢጫ ጀሪካኖቻቸውን በወረፋ አሰልፈው እነሱ ጥላ ፍለጋ ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ጀሪካኑ ቦታውን ለቆ ከሆነ ጠብ ነው። እኛ ግቢ ፊት መታጠብ በጣሳ ሆነ። ሰው ጋሼን በክፉ ዓይን ማየት ጀመረ፤ ውሃውን እሳቸው የደበቁት ይመስል።

ፓምፑ ከነቧንቧው ተስቦ ሲወጣ ሄጄ አይቻለሁ። የቧንቧው ብረት ያው ብረት ነው፤ ውስጡ ግን ነጭ ድንጋይ ዙሪያውን ሞልቶት የቀረው ቀዳዳ አውራ ጣቴን አያስገባም። የማንቆርቆሪያችን በሽታ ነው፤ ልኩ ብቻ ሌላ ሆኖ። ጋሼ ቧንቧውን እንደ ታመመ ሰው ክንድ ይዘው ቆዩና «የታችኛው ደግሞ ከዚህ ይብሳል» አሉ። የታችኛው ያሉት ውሃው ከመሬት ወደ ጉድጓዱ የሚሰርግበትን ወንፊት የመሰለ ብረት ነው። እሱን ማውጣት አይቻልም። ከተደፈነ ጉድጓዱ ሞተ ማለት ነው።

በውሃ ኮሚቴው ሊቀመንበር፣ በሐጂ ሱቅ ውስጥ ተሰበሰብን። ሐጂ በርበሬና እህል ከእንሴኖ ገበያ እያመጡ የሚነግዱ፣ ቁጣቸውን በቀልድ የሚያስታግሱ ሰው ናቸው። የጋሼ ታናሽ ወንድም፣ ጋራዥ የሚሠራው፣ ቀድሞ ተናገረ።

«ምን ያስጨንቃችኋል? የባትሪ አሲድ ጋራዣችን ሞልቷል። ገልብጠን እንለቅበታለን፤ ድንጋዩ ሙልጭ ይላል።»

«አይሆንም» አልኩ፤ ከመቀመጫዬ ሳላውቀው ተነስቼ። «የባትሪ አሲድ ይህን ድንጋይ ወደ ሌላ ድንጋይ ይለውጠዋል። እሱ ደግሞ አይሟሟም። በቁስል ላይ ፋሻ ሳይሆን በቁስል ላይ ሲሚንቶ ነው የምትጨምርበት።»

«በል ቁጭ በል፣ ፕላዝማ» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ሐጂ ግን ከአዲስ አበባ የጉድጓድ ባለሙያ አስመጡ። ባለሙያውም ፓምፑን በአዲስ ቧንቧ ወደ ቦታው መለሰ፤ ለታችኛው ብረት ደግሞ ሌላ ዓይነት አሲድ ነው የሚያስፈልገው አለና በወፍራም ጀሪካኖች ይዞ መጣ። መምህሩ ኬሚስትሪ ያውቃል ተብሎ እኔ አጠገቡ እንድቆም ተደረገ።

እውነቱን ለመናገር ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፍርሃት አልለቀቀኝም። አሲድ የማውቀው በጠብታ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ በልጅነቴ በአባቴ የብረታ ብረት ሥራ ቤት አንድ ሠራተኛ የተፈናጠቀ አሲድ እጁን ሲነካው ያሰማው ድምፅ አብሮኝ አድጓል። አሁን ይህን ሁሉ ጀሪካን ሳይ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። ባለሙያው ጓንትና መነጽር አድርጎ፣ ረጅም ቱቦ በጉድጓዱ አፍ ሰዶ፣ ከመሬት ላይ ሆኖ አሲዱን ቀስ እያለ ለቀቀው። ትንሽ ቆይቶ ከጥልቁ የጉርምርምታ ድምፅ መጣ፤ ሆድ እንደሚጮኽ ዓይነት። የጓዳዋ ወለል ላይ አረፋ ደፈቀ። ሰልፈኞቹ ወደ ኋላ ሸሹ። አንዲት ሴት «ወይኔ፣ ቀሰቀሱት!» አለች።

ባለሙያው እንሴኖ በኩል ሌላ ሥራ ነበረው። ሊሄድ ሲል ዙሪያውን እሾህ አሳጠረና ለጋሼ ነገራቸው። «እስከ ጠዋት ይሠራል። ጠዋት ስመጣ ቫልቩን ከፍተን አሲዱን ጠርገን እናስወጣዋለን። ከጠዋት ካለፈ ግን ድንጋዩን ጨርሶ ወደ ብረቱ ይዞራል።»

ጋሼ አንገታቸውን ነቀነቁ። የመጨረሻዋን ቃል ይዘዋት እንደቀሩ ያወቅኩት በማግስቱ ነው።

ማግስቱ ዓርብ ነበር። ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ወደ ጉድጓዱ ጎራ አልኩ። ሰልፉ ከወትሮው ረዝሟል፤ ውሃ ዛሬ ይመጣል ተብሎ ተወርቷል። ሐጂ ከእሾሁ አጥር አጠገብ ቆመው ሞባይላቸውን ወደ ሰማይ እያነሱ ኔትወርክ ይፈልጋሉ።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሐጂ። ባለሙያው መጣ?»

«ወዓለይኩም ሰላም። መኪናው ጎማ ፈንድቶበት መንገድ ላይ ቆሟል። እኛ እዚህ ለጁምዓ ሶላት የምንታጠብበት፣ ውዱእ የምናደርግበት ውሃ የለን፤ እሱ እዚያ ጎማ ይነፋል።»

ቀረብ ብዬ ሳይ ጓዳዋ የለችም። በቦታዋ አረንጓዴ ነገር ተነጥፏል። የኮባ ቅጠል፤ ድርብርብ፣ ጫፍ በጫፍ የተጣጠፈ፣ ዙሪያውን በድንጋይ የተጫነ፣ ነፋስ የማያስገባ። የማን እጅ እንደሆነ ሳይነገረኝ አወቅኩ።

እትዬ ከጎኔ ነበሩ። ፊታቸው በርቷል።

«አየህልኝ፣ ቲቸር? ያ ሰውዬ እንደ ገደል ክፍቱን ጥሎት ሄደ። ያልተከደነ ነገር ይበስላል እንዴ? ማታ ሰው ሲበተን መጥቼ ከድኜ አሳደርኩት። አሲዱ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራልን አደረ።»

በዚያች ቅጽበት የተሰማኝን በሌላ መንገድ ልገልጸው አልችልም፦ ብርጭቆዬን አየሁት። ያቺ ተማሪዎቼ ፊት ክብሪት የጠፋባት ብርጭቆ፤ አሁን በኮንክሪት ተሠርታ፣ በኮባ ቅጠል ተከድና፣ ሌሊቱን ሙሉ ስትሞላ ያደረች። ያ ሁሉ የድንጋይ ቅርፊት ጋዙን ሲለቅ የሚወጣበት አፍ የጓዳዋ ወለል ላይ ነው። ክፍት ብትሆን ነፋስ ከላይ ከላዩ ያነሳላት ነበር።

ጋሼና ወንድማቸው ድንጋዮቹን አንስተው ቅጠሉን መግፈፍ ጀምረዋል። ከሥር የታየው ባዶ ክፍል ነው። አረፋ የለም፤ ጉርምርምታ የለም፤ ሽታ የለም። ወለሉ ደረቅ፣ መሰላሉ እንደ ነበረ፣ የቧንቧ መፍቻው ጋሼ ከመሰላሉ ጎን ግድግዳው ላይ ባንጠለጠሉበት ቦታ። ከዚያ የበለጠ ሰላም ያለው ቦታ አይቼ አላውቅም። ያስፈራኝም እሱ ነው።

«ጋሼ፣ አይውረዱ» አልኩ። «ጋዝ ሞልቷል።»

«የታለ?» አለ ወንድማቸው አጎንብሶ።

«አይታይም።»

«ይሸታል?»

«አይሸትም።»

«ታዲያ አንተ እንዴት አየኸው?» ወደ ሰልፈኞቹ ዞሮ ጮኸ፤ «ስሙ፣ ቲቸር የማይታይ ነገር አየ!» ሳቁ ከሰልፉ መጨረሻ ድረስ ሄደ።

ጋሼ አልሳቁም። ፀሐይዋን አዩ፤ ጉድጓዱን አዩ። «ጠዋቱ እያለፈ ነው» አሉ። «ወደ ብረቱ ይዞራል ብሏል።» ለሳቸው ያ ብረት እንጀራቸው ነው፤ የሰፈሩም ውሃ ነው። እኔ የማይታይ ነገር እፈራለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ትናንት በጆሯቸው የሰሙትን ነገር ይፈራሉ።

ፋኖስ እንዲመጣ ለመንኩ። ፋኖስ አውርደን ካልጠፋ እሺ ይውረዱ፤ ከጠፋ ይቅር። ሐጂ አንዱን ሰው ወደ ቤታቸው ላኩልኝ። እስከዚያው ደግሞ ገመድ ይታሰር አልኩ። ሐጂ ከጭነት መኪናቸው ወፍራም የጭነት ገመድ አወረዱ። በጋሼ ብብት ሥር አዙሬ ቋጠርኩት፤ አልጠበቀም ብዬ ሁለቴ ፈትቼ ደግሜ አሰርኩት።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ጋሼ። «መስቀል ሳይደርስ በሬ አደረግከኝ?»

«ቲቸር፣ ብልቱንም ከአሁኑ ለይ» አለ ወንድማቸው። «ሻኛው የኔ ነው።»

እትዬም ሳቁ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ። ገመዱን እኔ፣ ሐጂ፣ ወንድማቸውና ሁለት ሰልፈኞች ያዝን። ፋኖሱ አልመጣም። ጋሼ ቀና ብለው ወደ ሐጂ ቤት አቅጣጫ አዩ፤ ከዚያ እግራቸውን መሰላሉ ላይ አደረጉ።

«ፋኖሱ እስኪመጣ ሁለት ደረጃ ወርጄ ልይ፤ ከዚያ አላልፍም።»

«ጋሼ፣ እባክዎ!»

ወረዱ። አንድ ደረጃ፤ ሁለት። ሦስተኛውንም አራተኛውንም ጨመሩ። ደረታቸው ከመሬት በታች ሆነ፤ ከዚያ ትከሻቸው፤ ጭንቅላታቸው ግን ገና ከጠርዙ በላይ ነው። ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ያለው ሐሳብ በግልጽ ይነበብ ነበር፦ «ይኸው፣ ምን ሆንኩ?» ከዚያ መፍቻውን ለማንሳት ጎንበስ አሉ።

ጎንበስ ሲሉ ጭንቅላታቸው ከጠርዙ በታች ገባ። የሆነው ይኸው ብቻ ነው። አልጮኹም፤ አላሳሉም። መፍቻው ወለሉ ላይ ሲወድቅ ሰማን፤ ወዲያው ገመዱ በእጃችን ውስጥ ከበደ።

«ሳቡ!»

ሳብን። ትንሽ ከፍ አሉና ቆሙ። ደግመን ሳብን፤ አይንቀሳቀሱም። ጭንቅላታቸው ወደ ጎን ዘንበል ብሎ፣ አፋቸው ተከፍቶ ይታየኛል። አንድ እግራቸው በመሰላሉ ብረትና በግድግዳው መካከል ተቀርቅሯል። እኛ በሳብን ቁጥር እግሩ የበለጠ ይቀረቀራል።

ወንድማቸው ገመዱን ለቆ ወደ ጓዳዋ አፍ ሮጠ። ማንም ሰው የሚያደርገው ነው። እኛ ዘንድ ወንድሙ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው ስሙ ከዚያ በኋላ አይነሳም። ሐጂ በዚያ ሁሉ ዕድሜያቸው እንዴት እንደ ደረሱበት አላውቅም፤ ቀበቶውን ከኋላ ያዙት።

«ልቀቁኝ! ወንድሜ ነው!»

«ወላሂ አልለቅህም! እናትህን በአንድ ቀን ሁለት ልቅሶ አታስቀምጣትም!»

እትዬ እጃቸው ላይ አንድ የኮባ ቅጠል ነበር፤ ይዘውት ቆመዋል።

ያን ጊዜ መደረግ ያለበት ገባኝ። ከገባኝ ነገር ሁሉ በሕይወቴ እንደዚያ ያስፈራኝ የለም። እግሩ እንዲለቅ ገመዱ መላላት አለበት። ገመዱ ሲላላ ደግሞ ሰውየው ወደ ታች፣ ጋዙ ወደሚበዛበት ይወርዳሉ። ሌላ መንገድ የለም።

«አላሉት!» አልኩ።

«ምን?» አለ ከኋላዬ ያለው ሰው።

«መልሰን እናውርዳቸው! እግራቸው ተይዟል! አላሉት!»

ማንም አልሰማኝም ወይም ሰምቶ አላመነኝም። እጆቹ ሁሉ ወደ ላይ እየሳቡ ነው። ሐጂ የወንድምየውን ቀበቶ እንደያዙ ወደ እኔ ዞረው አንድ ጊዜ አዩኝ። ዓይኔ ውስጥ ምን እንዳዩ አላውቅም።

«የሚለውን አድርጉ!» አሉ።

አላላነው። የሰው ክብደት ወደ ታች ሲሄድ በመዳፌ ተሰማኝ። ጋሼ ከዓይኔ ጠፉ። እኔ ነኝ ያወረድኳቸው። ገመዱን ወደ ግራ ወዘወዝነው፤ አንድ ነገር ከብረት ሲላቀቅ ተሰማ፤ «አሁን!» ብዬ ስጮኽ አምስታችንም ወደ ኋላ ወደቅን ማለት ይቻላል። ወንድማቸውም ተመልሶ ገመዱን ይዟል። ጋሼ በአንድ ጫማ፣ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ ከጠርዙ በላይ ወጡ።

የተገፈፈው ቅጠል ላይ አስተኛናቸው። አይተነፍሱም። አገጫቸውን ቀና አድርጌ፣ በመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ብቻ ያየሁትን ነገር አደረግኩ፤ አፍንጫቸውን ይዤ በአፋቸው ነፋሁባቸው። ከላዬ ሐጂ በዓረብኛ፣ ሌላው በጉራግኛ፣ አንዲት ሴት «ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ» እያለች ይጸልያሉ። ደግሜ ነፋሁ። ሦስተኛው ላይ ይሁን አራተኛው ደረታቸው በራሱ ተነሳ። እንደ በር ማጠፊያ የሚንቋረር ድምፅ አወጡ፤ ከዚያ አሳሉ፤ ከዚያ ዞረው አስታወኩ።

ዓይናቸውን ሲከፍቱ መጀመሪያ ያዩት ወንድማቸውን ነው። ትንሽ ቆይተው በቀጭን ድምፅ፣

«ሻኛዬን አልሰጥህም» አሉ።

እሱ መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

የተላከው ሰው ፋኖሱን አብርቶ የደረሰው በዚህ መካከል ነው። እየሮጠ ስለመጣ ያየው ነገር የለም፤ «ይኸው ፋኖሱ» አለ። ማንም ሳያዛቸው ሐጂ ተቀብለው በገመድ አሰሩትና ቀስ ብለው አወረዱት። ሰልፈኛው ሁሉ ጀሪካኑን ትቶ ዙሪያውን ቆሟል። ፋኖሱ ከጠርዙ አንድ ክንድ ያህል ዝቅ እንዳለ ነበልባሉ አነሰ፣ ሰማያዊ ሆነ፣ ድርግም አለ። አሁን ሁሉም አየው።

ጋሼን በባጃጅ ወደ ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። እትዬ ባጃጁ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ሐጂን «እኔ ነኝ የከደንኩት» አሏቸው።

ሐጂ የወደቀ ነጠላቸውን አንስተው አቀበሏቸው። ከዚያ «የከደንሽው ለእኛ ብለሽ ነው። አላህ የሚያየው እሱን ነው። ሂጂ ከባልሽ ጋር» አሏቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ስለዚያ ቅጠል ማንም ሰው በእሳቸው ፊት አንስቶ አያውቅም። እንዲህ በመሰለ ነገር የሰፈሩ ሰው ጠንቃቃ ነው።

ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ጋዙ ከውሃ ጋር እንደሚመሳሰል ስላወቅኩ እንደ ውሃ ቀዳነው። የሰልፈኛ ሴቶችን ጃንጥላ ከፍተን፣ እንደ ሳሕን ገልብጠን፣ በገመድ እያወረድን ሳብን፤ ሌሎች በዚያው በኮባ ቅጠል ከዳር ሆነው አራገቡ። ዙሪያውን ለቆመው ሰው በየመካከሉ አስረዳለሁ። ፋኖሱ በየጊዜው ትንሽ ዝቅ እያለ ሄደ። ባለሙያው ሲደርስ ፋኖሱ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ይነዳል። የሆነውን ሰምቶ ኮፍያውን አወለቀ። ሲወርድም ገመዱን ራሱ ጠይቆ ታሰረ።

ፓምፑ ሲነሳ መጀመሪያ የወጣው እንደ ወተት የነጣ፣ የሚፍለቀለቅ ውሃ ነው፤ ወደ ተቆፈረለት ቦይ ደፉት። ከዚያ ቡናማ፤ ከዚያ የድንጋይ ስባሪ የተሸከመ ድፍርስ። በማግስቱ ጠራ። ታንከሩ ሞልቶ ሲፈስ ሰፈሩ እልል አለ። እኔ ግን ከቦኖው የቀዳሁትን የመጀመሪያ ብርጭቆ ይዤ ለረጅም ጊዜ አልጠጣሁትም።

በኋላ ባለሙያው ለኮሚቴው እንዲህ አለ፤ የገባኝን ያህል እጽፈዋለሁ። ውሃው ከመሬት በታች ሳለ ድንጋዩን አሟሙቶ የሚይዘው ያው ጋዝ ነው፤ ጋሼን ሊገድላቸው የነበረው። ጋዙ ውሃው ውስጥ እስካለ ድረስ ድንጋዩም አብሮ ሟሙቶ ይኖራል። ፓምፑ ውሃውን በኃይልና በችኮላ ሲስበው ግን፣ ልክ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው፣ ጋዙ ያመልጣል፤ ድንጋዩ ብቻውን ይቀርና ብረቱ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ እንደገና እንዳይደፈን መድኃኒቱ ቀስ ብሎ፣ ረዘም ላለ ሰዓት መሳብ ነው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የኬሚስትሪ ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ጥሩም መጥፎም እሱ ራሱ ነው ማለት ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ። የት እንዳለ ነው የሚለየው።»

አሰቡበት። «ክፉ ነው» አሉ መጨረሻ ላይ። እኔም አልተከራከርኩም።

ከዚያ በኋላ ቡታጅራ በቆየሁባቸው ዓመታት ጉድጓዱ ከመደፈኑ በፊት በየጊዜው ይታጠብ ነበር፤ በጥቂት አሲድ፣ በክፍት ጓዳ። ጋሼ ግን መውረዳቸውን አልተዉም። ሥራቸው ነው። ፋኖሱ ቀድሞ ይወርዳል፤ ገመዱ ይታሰራል፤ የገመዱን ጫፍ እትዬ ወገባቸው ላይ ጠምጥመው ይይዙታል፤ ለማንም አይሰጡም። ሌላ ደንብ ደግሞ እትዬ ጨመሩ። ጋሼ ታች እስካሉ ድረስ ማውራት አለባቸው። ዝም ማለት የለም።

እራት ላይ ቃል የማይወጣቸው ያ ሰው ከጓዳቸው ሆነው ማውራት ለመዱ። ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ መስኖ፣ ምሳቸውን ስለ ሰረቀችባቸው የጎረቤት ፍየል፤ ከታች ድምፃቸው ወፍሮ፣ የብረት ድምፅ ተቀላቅሎበት ይመጣል። እኛ ዳር ቆመን እንስቃለን። ከወሬው መካከል ግን ቫልቩ አስቸግሯቸው ትንፋሽ ለመሰብሰብ ለአፍታ ዝም ሲሉ፣ እትዬ ገመዱን ይጨብጣሉ፤ እኔም ሳላስበው ከእሳቸው ኋላ ሄጄ ገመዱን ይዤ እገኛለሁ።

«አንተ ሰው!» ይጣራሉ እትዬ።

ከታች ምንም አይመጣም።

«አንተ ሰው! ፍየሏስ?»

«ቆይ እንጂ» ይላል ከጉድጓዱ የሚመጣው ድምፅ፤ «እየመጣች ነው።»